ልጅቱ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀች

ይርጋ እባላለሁ። እስራኤል አገር፣ ፔታሕ ቲክቫ ከተማ፣ ማሃኔ የሁዳ ሰፈር ኖሮ እኔን የማያውቅ ሰው ካለ አዲስ ገብ ነው። ትምህርት ቤት አንድ ቀን ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ጎንደር ውስጥ፣ ነጋዴዎች ከጣሏቸው የስኳርና የጨው ከረጢቶች ላይ ነው። ጢም ሳላበቅል ሬዲዮ ፈትቼ መልሼ ገጥሜአለሁ። የመንደራችን ወፍጮ ሲቆም ባለቤቱ ከተማ ወርዶ መካኒክ ከሚፈልግ እኔን ያስጠራ ነበር፤ ወፍጮውም ይነሣ ነበር።

እዚህ አገር ስገባ ሮሽ ሃዓይን ባለ አንድ ፋብሪካ ወለል ጠራጊ ሆኜ ተቀጠርሁ። በሁለተኛው ዓመት የማሸጊያው ማሽን ቆመና ሦስት መሐንዲስ ከበበው። እኔ መጥረጊያዬን ግድግዳ አስደገፍሁና፣ “ቀበቶው አይደለም፤ ከሥር ያለው ጥርስ ነው የተበላው” አልኋቸው። ሳቁብኝ። ሲከፍቱት ጥርሱ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ መጥረጊያ አልያዝሁም፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ማሽን ስጠግን ኖርሁ። ዕብራይስጡንም ማንም አላስተማረኝም። ከመድኃኒት ብልቃጥ፣ ከልብስ ማጠቢያ መመሪያ፣ በየግድግዳው ከተለጠፈ ማስጠንቀቂያ እያነበብሁ ራሴ ያዝሁት። ዛሬም ድረስ ከመንግሥት ደብዳቤ የመጣለት ጎንደሬ ሁሉ ደጄን ያንኳኳል።

ይህን የምዘረዝረው ስለ ማሽንና ስለ ደንብ የምናገረው የማያውቀውን እንደሚፈራ ሽማግሌ እንዳልሆነ እንድታውቁልኝ ነው። ማሽን የሚሠራው የተሠራለትን ብቻ ነው፤ አንዲት ነገር አይጨምርም። ደንብ አውጪው ደግሞ ደንቡ የሚገዛውን ቤትና እዚያ የሚተኛውን ሰው አይቶ አያውቅም። ማኅተም ስላረፈበት ብቻ አንድን ዕቃ የሚያምን ሰው ድሮም ይገርመኝ ነበር። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው እንግዲህ አሁን የምነግራችሁ የደረሰብኝ።

ታላቅ እህቴ ዋጋዬ ትባል ነበር። እኔ “እታለም” እላት ነበር። እናታችን በልጅነታችን ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባሏ ካረፈ በኋላ እኔ ከምኖርበት ሕንጻ ከታችኛው ወለል ቤት አገኘሁላት፤ እኔ ሦስተኛ ፎቅ፣ እሷ ከመግቢያው በር አጠገብ። እኔም ሚስቴን ቀብሬ ብቻዬን ነበርሁና ለሁለታችንም ተስማማን። እታለም እዚህ አገር ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖራ ዕብራይስጥ አልያዘችም። ወዳጆቿ ሁሉ ጎንደሬዎች፣ አስተርጓሚዋ እኔ፣ ገበያተኛዋም እኔ። ምን ያደርግላታል?

ጉልበቷ እየደከመ ሲሄድ አንድ ነገር ሠራሁላት። ጠንካራ የናይሎን ገመድ ከአልጋዋ ራስጌ አንሥቼ፣ ከበሯ በላይ በቀዳዳ አውጥቼ፣ በደረጃው መደገፊያ ውስጥ ለውስጥ እየሳብሁ እኔ ወጥ ቤት አደረስሁትና ጫፉ ላይ የነሐስ ቃጭል አሰርሁበት። ኤሌክትሪክ የለው፣ ባትሪ የለው፤ እኛ አይሁድ እሳትና ኤሌክትሪክ በማንነካበት በሰንበትም ያለ ስጋት ይጎተታል። ጠዋት አንድ ጊዜ ከጎተተች “ተነሥቻለሁ” ማለት ነው። ሁለት ጊዜ “ሻይ ፈልቷል።” ደጋግማ ከሳበች “ድረስልኝ።” አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልተበላሸም። ሕንጻውን ሊያይ የመጣ ሰው ሁሉ፣ “ማነው የሠራው?” ይል ነበር።

አንድ ቀን የሕንጻው ኮሚቴ የጠራው የደኅንነት ተቆጣጣሪ መጣ። ብርቱካንማ ሰደርያ ያጠለቀ፣ መጻፊያ ሰሌዳ ያቀፈ ጎልማሳ ነው። ገመዱን በብዕሩ ነካ አደረገና፣ “ይሄ ምንድን ነው?” አለኝ።

“እህቴ ናት” አልሁት።

አልሳቀም። “ደረጃ የእሳት ማምለጫ ነው። ምንም ነገር አይታሰርበትም። ሕንጻው ቢቃጠል ሰው ይጠለፍበታል።”

“ሕንጻው የሚቃጠለው መቼ ነው? እህቴ እኮ በየቀኑ ነው የምትኖረው።”

“አዶኒ፣ ጌታዬ፣ እኔ ደንቡን አላወጣሁም።”

“ማን አወጣው? አምጣውና ላነጋግረው።”

ጻፈና ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት ገመዱን እንድፈታ ደብዳቤ መጣ። እውነቱን ልናገርና ሁለተኛው ፎቅ ላይ ገመዱ ትንሽ ይረግብ ነበር፤ አንድ ጊዜ የአንዲት አሮጊት ጎረቤት ዘንቢል ይዞ ሴትዮዋ ልትወድቅ ምንም አልቀራትም። ያኔ ይህን ለማንም አልተናገርሁም። ገመዱን በገዛ እጄ ፈታሁት።

ወር ሳይሞላ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ አንድ ቴክኒሻን አስከትላ መጣች። ነጭ ሣጥን ግድግዳ ላይ ሰቀለ፤ በእታለም አንገት ላይ ቁልፍ ያላት የአንገት ጌጥ የመሰለች ነገር አንጠለጠለ። እኔ መቼም ሳልጠይቅ አልቀመጥም።

“ስትወድቅ በምን ያውቃል?”

“አንገቷ ላይ ያለው ዕቃ መውደቅን ይለያል። ቁልፍ መጫን እንኳ አያስፈልጋትም” አለ ቴክኒሻኑ።

“ካወቀ በኋላስ?”

“ያነጋግራታል። ደህና መሆኗን ይጠይቃል። ካልመለሰች ወይም እርዳታ ካለች አምቡላንስ ይጠራል። በመንግሥት መለኪያ ተፈትኖ ያለፈ ነው።”

“በምን ቋንቋ ነው የሚያነጋግራት?”

“በዕብራይስጥና በሩሲያኛ። አማርኛ በቅርቡ ይገባል።”

ሠራተኛዋ ቅጽ አውጥታ ዘረጋችልኝ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ተጠቃሚዋ ዕብራይስጥ ትናገር እንደሆነ ይጠይቃል፤ ከሥሩ ደግሞ በደቃቅ ፊደል፣ “በሌላ ቋንቋ አገልግሎት ትፈልጋለች” የሚል ሣጥን አለ። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ።

“ዕብራይስጥ ትችላለች?”

የሰፈሩን ደብዳቤ ሁሉ የማነብ ይርጋ፣ የገዛ እህቴ በሠላሳ ዓመት አንድ ቃል አልያዘችም ልበል? “ትችላለች” አልሁና ምልክት አደረግሁ። የደቃቁን ፊደል ሣጥን ባዶውን ተውሁት። እንዲህ ያለ ቅጽ ለመሥሪያ ቤቱ መዝገብ እንጂ ለሰው አይደለም ብዬ ነው ያሰብሁት።

ሲወጡ እታለም፣ “ምን ብለህ ሞላህ?” አለችኝ።

“ዕብራይስጥ ትችላለች ብዬ።”

“እኔ? ከመቼ ወዲህ?”

“ከዛሬ ወዲህ” አልኋትና ፊት ለፊቷ ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። “እኔ ማሽኑ ነኝ። ‘ዋጋዬ፣ ሃኮል በሰደር?’ እልሻለሁ። ሁሉ ነገር ደህና ነው ወይ ማለት ነው። ምን ትያለሽ?”

“ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።”

“በእነሱ ቋንቋ! በሰደር፣ ባሩክ ሃሼም።”

“በሰደር፣ ባሩክ ሃሼም” አለች፤ ቁጭ። ዐሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። አጨበጨብሁላት። እንደ ልጅ ሳቀች። ያስተማርኋት ይህንኑ አንድ ነገር ብቻ ነው። “ወደቅሁ” በዕብራይስጥ ምን እንደሚባል አላስተማርኋትም።

ማሽኑ ከሰንበት በቀር በየጠዋቱ በሴት ድምፅ ይጠይቃታል፤ እሷም ትመልሳለች። ስሟን “ልጅቱ” አለቻት። “ልጅቱ ዛሬ ድምፅዋ ደክሟታል” ትለኛለች።

“እታለም፣ ሰው አይደለችም እኮ። የተቀዳ ድምፅ ናት።”

“ሰው ካልሆነች ደህንነቴ ምን አሳሰባት?” አለችኝ። ሳቅሁ።

ነገሩ የደረሰው በክረምት፣ ዝናብ በሚበዛበት ወራት ነው። ሮሽ ሃዓይን የምትኖረው ልጄ ብርቱካን ስልክ ደወለች። ልጇ የውትድርና ጊዜውን ጨርሶ መመለሱ ነውና ሰንበትን አብረን እንድናሳልፍ ቤተሰቡን ሁሉ ጠርታለች።

“አልችልም” አልኋት። “አክስትሽ ብቻዋን ናት። በዚህ ጉልበቷ መኪና ላይ አትወጣም።”

“አባ፣ መሣሪያው አለ አይደል? እኔም ስልኬ ላይ አየዋለሁ። ያላ፣ ና በቃ፣ አንድ ሰንበት ነው። ልጁ አንተን ሊያይ ይፈልጋል።”

ገመዱ በነበረ ጊዜ ኖሮ ይህን አትለኝም ነበር፤ ብትለኝም እሺ አልላትም። ቃጭል የሚሰማ ሰው ከሌለ ቃጭል ዋጋ የለውም፤ ይህን ልጅም ያውቀዋል። ስለዚህ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ሰንበት ከሕንጻው አልራቅሁም ነበር። አሁን ግን ነጩ ሣጥን አለ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ልሰናበታት ወረድሁ። ምግቡ ለሰንበት ተሰናድቷል፤ መብራቱ በራሱ ሰዓት እንዲጠፋ አስተካክዬዋለሁ፤ መስኮቱ ለዝናቡ ተዘግቷል። ነጠላዋን አጣፍታ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች።

“ልቅር እንዴ?” አልኋት።

“ልጁ ከጦር በደህና ወጥቶ አያቱ ሳይስመው? ሂድ! ምን ልሆን ነው? ልጅቱ አለች።”

“አንገትሽ ላይ ያለውን እንዳታወልቂ።”

“አንተ አሁንስ ከእሷ ባስህ። እሷ እንኳ በቀን አንድ ጊዜ ነው የምትጠይቀኝ። ያላ፣ ሰንበት ሳይገባ!” አለችኝ። “ያላ” ስትል ሁልጊዜ ያስቀኛል። እየሳቅሁ ነው የወጣሁት።

ሮሽ ሃዓይን ማዕዱ ደማቅ ነበር። ልጁ ቁመቱ በር ይሞላል። ከእንግዶቹ አንዱ፣ የብርቱካን ጎረቤት የሆኑ አባ ታከለ የሚባሉ ሽማግሌ፣ “እህትዎን ለማን ትተው መጡ?” አሉኝ። እኔም ተናገርሁ። መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ፣ በምን ኃይል እንደሚሄድ፣ እንዴት ራሱ መውደቅን እንደሚያውቅ አብራራሁላቸው። “እህቴ ፊደል አትቆጥርም፤ ግን እኔ በዐሥር ደቂቃ አስተማርኋትና ይኸው ከማሽኑ ጋር በዕብራይስጥ ታወራለች” አልሁ። ሁሉም ተደነቀ። አባ ታከለ፣ “እርስዎ እኮ ልዩ ነዎት” አሉኝ። ደስ አለኝ። ያን ሰዓት እታለም ወለል ላይ ነበረች።

ቅዳሜ ሲመሽ፣ ሰንበት ወጥቶ ብርቱካን ለሰንበት ዘግታው የነበረውን ስልኳን ከፈተች። እኔ ጫማዬን እያሰርሁ ነበር።

“አየህ፣ አባ?” አለችኝ ፈገግ ብላ። “አንድ መልእክት አለ፤ ደህና ናት ይላል።”

“ምን ይላል በትክክል? አንብቢልኝ።”

“ዓርብ፣ ሰንበት ከገባ ትንሽ ቆይቶ ነው። ‘መውደቅ ታወቀ። ምላሽ፦ በሰደር። ጉዳዩ ተዘጋ።’ ዕቃው ከአንገቷ ወድቆ ይሆናል፣ ወይ ሶፋ ላይ ቶሎ ተቀምጣ...”

ማሰሪያው በእጄ ቀረ። “በሰደር አለች?”

“አዎ። አረንጓዴ ምልክት አለው።”

“ብርቱካን፣ እሷ በሰደር የማትለው መቼ ነው?” አልኋት። ልጄ መጀመሪያ አልገባትም፤ ከዚያ ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ቤት ስልክ ደወለች፤ ጠራ፣ ጠራ፣ የሚያነሣ የለም። “ምናልባት ሽንት ቤት ናት” አለች። እንደገና ደወለች። የመኪናዋን ቁልፍ ይዛ ከፊቴ ወጣች።

ከሮሽ ሃዓይን ፔታሕ ቲክቫ ቅርብ ነው፤ ያን ምሽት ግን ሰው ሁሉ ከሰንበት የሚመለስበት ሰዓት ስለሆነ መንገዱ ተጨናንቆ፣ ዝናቡም መስተዋቱን እየደበደበ ነበር። በየመብራቱ ቆምን። ብርቱካን አምቡላንስ ጠራች። የስልኩ ሰው፣ “ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ?” አላት።

“ወድቃለች።”

“መቼ?”

“ትናንት” አለች ልጄ።

በሩን ስከፍት ጨለማ ነበር፤ እኔው ያስተካከልሁት መብራት በሰዓቱ ጠፍቷል። የሣጥኑ አረንጓዴ መብራት ብቻ ይበራል። “እታለም!” አልሁ። ከአልጋውና ከጠረጴዛው መካከል፣ ከወለሉ፣ እንደ ክር የቀጠነ ድምፅ መጣ።

“ይርጌ፣ መጣህ? ልጁ ደህና ነው?”

መብራት አበራሁ። በጎኗ ወድቃለች። የጠረጴዛውን ልብስ ስባ ትከሻዋን ሸፍናለች። ከንፈሯ ተሰንጥቋል፤ አንድ እግሯ ወደማይሆን አቅጣጫ ዞሯል። ተንበርክኬ እጇን ያዝሁ፤ እንደ ወለሉ ቀዝቅዟል።

“ምን ሆንሽብኝ?”

“ምንም፤ ደህና ነኝ። ብርቱካንም መጣች? እንዴት ነሽ ልጄ?”

“እታለም፣ ምን ሆነሻል?”

“ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። መንገዱ ዝናብ አልነበረም?”

“ንገሪኝ እንጂ!”

“እግሬ ነው፣ ወንድሜ” አለች ያኔ። “እንቢ አለኝ። በጣም ያመኛል።”

ጎንደሬ የሆናችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት ልንገር። የእኛ ሰው ሰላምታ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚመልሰው ለራሱ አይደለም፤ ለጠያቂው ነው። ደህና ነኝ ይላል፤ የጠያቂውን ቤት ይጠይቃል፤ ያም ይመልሳል፤ እንደገና ይጠየቃል። ሐዘን ያለበትም፣ በሽተኛም፣ ጉዳዩን የሚያወጣው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ነው። ገና ሰላምታውን ሳይጨርሱ መከራን ሰው ላይ መዘርገፍ ነውር ነው። እታለም ወለል ላይ ሆና እንኳ ይህን አላፈረሰችም።

አምቡላንሱ ደርሶ ሆስፒታል ወሰዳት፤ እዚያም አጥንቷ ከዳሌዋ መሰበሩን ነገሩን። አንድ ቀን ሙሉ በብርድ መተኛቷ ኩላሊቷን ጎድቶታል፤ ሳንባዋም ውኃ ይዟል። ለቀዶ ሕክምና እንድትበረታ እንጠብቅ አሉ። እሑድ ጠዋት ትንሽ ነቃ አለች። ከአልጋዋ ሥር ተቀምጬ ጠየቅኋት።

“ስትወድቂ ልጅቱ አነጋገረችሽ?”

“ወዲያው ነው የጠየቀችኝ። ትጉህ ናት። በሰደር አልኋት፤ እንዳስተማርኸኝ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ደግማ እስክትጠይቀኝ ጠበቅሁ። ስትደግመኝ ልነግራት ነበር። ሻባት ሻሎም ብላ ሰንበቱን መረቀችኝና ዝም አለች።”

“ቁልፉን ለምን አልተጫንሽም?”

“ሰንበት ገብቶ።”

“እታለም! ለነፍስ ይፈቀዳል እኮ! የምኩራባችን ቄስ ስንት ጊዜ ተናግረዋል!”

“ነፍስ መሆኑን በምን ልወቅ? እግር ነው ብዬ” አለችኝ። ከዚያ ፊቴን አይታ፣ “አትቆጣ። ብጮህም ማን ይሰማኛል፤ መስኮቱ ዝግ ነው። ስትመጣ ታነሣኛለህ ብዬ ነው” አለች። ውኃ በማንኪያ አጠጣኋት። ሰኞ ፀሐይ ሳትሞቅ አረፈች።

ሰባቱ የሐዘን ቀን ካለፈ በኋላ ከብርቱካን ጋር መሣሪያውን ወደሰጠው መሥሪያ ቤት ሄድን። ልከሳቸው ነበር አካሄዴ። አንዲት ትሑት ሴት ሻይ አዝዛ ወረቀቶቹን ዘረጋችልን። መሣሪያው መውደቅን በሰከንዶች ውስጥ አውቋል። ደንቡ በሚያዘው ጊዜ ጥያቄ ጠይቋል። ግልጽ መልስ አግኝቷል። መልሱን መዝግቦ ለቤተሰብ አሳውቋል።

“ሁሉም በደንቡ መሠረት ነው የሄደው” አለች።

“እህቴ ሞታለች እኮ።”

“አውቃለሁ፤ በጣም አዝናለሁ። ግን ስሕተት አልተገኘም።”

“አማርኛ የማያውቅ ማሽን አንዲት አማርኛ ብቻ የምታውቅ ሴት ቤት መስቀል ስሕተት አይደለም?” አልሁና ጠረጴዛውን መታሁ።

ሴትዮዋ አንድ ወረቀት ወደ እኔ ገፋች። ቅጹ ነው። “እዚህ ላይ ምልክት ቢኖር ኖሮ ጥሪው ወደ ማሽኑ አይሄድም ነበር” አለች ደቃቁን ፊደል በጣቷ እያሳየች። “ወደ ሰው ነው የሚሄደው። በፈረቃ አማርኛ የሚናገሩ ሴቶች አሉን። ይህን የሞላው ማነው?”

ብርቱካን ወደ እኔ ዞረች። የእጄን ጽሕፈት ታውቀዋለች።

“እኔ ነኝ” አልሁ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን በፊት ብዙ ሰው ስሕተቴን እንድቀበል ጠይቆኝ ያውቃል፤ ስለማልሳሳት እምቢ ስል ኖሬአለሁ። አሁንም ቢሆን ብዙውን አስተያየቴን አልለወጥሁም። ማኅተም አላምንም። ተቆጣጣሪው በደንቡ ልክ ነበር፤ ማሽኑ በደንቡ ልክ ነበር፤ መልእክቱ እንኳ አልዋሸም፤ ሁሉም ልክ ሆኖ አንድ ሰው ወለል ላይ አንድ ሙሉ ቀን ተኛ። ሁሉ ልክ ሆኖ ሰው የሚሞትበት ነገር ካለ፣ ያ ነገር ደኅንነት ተብሎ መጠራት የለበትም። ደግሞም እላችኋለሁ፤ እንዲህ ያለ መሣሪያ ትልቁ ጉዳቱ መበላሸቱ አይደለም። አጠገብ የነበረውን ሰው ያሰናብታል። እኔን አሰናበተኝ።

ግን ያቺን ደቃቅ መስመር ያወጣውም ደንብ ነው። የሆነ ቦታ፣ የሆነ የማላውቀው ሰው፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ፣ “ቋንቋ የማይችል ቢኖርስ?” ብሎ አስቧል። የናቅሁት ሰው ስለ እህቴ አሰበ፤ እኔ ወንድሟ ስለ ስሜ አሰብሁ። አንዲት ጎንደሬ ሴት በስልክ ብታነሣት ኖሮ አንድ ጊዜ ጠይቃ አትዘጋም ነበር። ይህን እያወቅሁ ነው ዛሬ የምተኛው፤ እንቅልፍ ከተባለ።

ዛሬም ሰዎች ደብዳቤና ቅጽ ይዘውልኝ ይመጣሉ። አሁን ግን ከመሙላቴ በፊት ባለቤቱን አስቀምጬ እያንዳንዱን መስመር ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብለታለሁ፤ “ትችላለህ?” ብዬ ሳይሆን “የማትችለው ምንድን ነው?” ብዬ እጠይቃለሁ። ያፍራሉ። እኔም ማፈራቸው እስኪያልፍ እጠብቃለሁ፤ አልቸኩልም። ልጆች ሆይ፣ እናንተም በስልካችሁ ያያችሁትን አረንጓዴ ምልክት አምናችሁ አትደሩ። ሂዱና ተቀመጡ። እናታችሁ ደህና ነኝ ካለቻችሁ ገና ምንም አልነገረቻችሁም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ያን ቀን ከመሥሪያ ቤቱ ከመውጣታችን በፊት የድምፅ ቅጂ እንዳለ ሴትዮዋ ነገረችን። ብርቱካን፣ “አባ፣ በቃህ፣ አትስማው” አለችኝ። ልስማ አልሁ።

መጀመሪያ የማሽኑ ድምፅ መጣ፤ “ዋጋዬ፣ ሃኮል በሰደር?” ከዚያ የእታለም ትንፋሽ። ሕመሙ ይሰማል፤ ጥርሷን ነክሳለች። “በሰደር” አለች፤ “ባሩክ ሃሼም።” አጠራሯ ጥርት ያለ ነበር፤ እኔ እንዳስተማርኋት።

ማሽኑ አመስግኖ፣ “ቶዳ፣ ሻባት ሻሎም” አለ። ቅጂው ከዚያ በኋላ ጥቂት ሰከንድ ይቀጥላል። እታለም በአማርኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ ወረቀቱ ላይ ከዚያ ቦታ አጠገብ “ያልታወቀ ንግግር” ተብሎ ተጽፏል።

ሴትዮዋ ድምፁን አቆመችና፣ “ይህን ገና አላስተረጎምነውም። እርዳታ እየጠየቀች ነው?” አለችኝ።

ብርቱካን ፊቷን ሸፍና ነበርና እኔ ነኝ የተረጎምሁላት።

“አይደለም” አልኋት። “‘አንቺስ እንዴት ነሽ፣ ልጄ? ቤተሰብሽ ደህና ነው?’ ነው የምትለው።”